የቡሬ ሳል

ባለፈው ኅዳር ጅማ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከደዶ የመጣች አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን አጠገቤ አስቀመጠች። በኮባ የጠቀለለችው ቅቤ ፀሐይ መትቶት ቀልጧል፤ ከዘንቢሉ ሥር ጠብ ጠብ ይላል። ከፊታችን ደግሞ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ናፍጣውን ያጨሳል። ሁለቱ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ወላሂ ነው የምላችሁ፣ ዞር ብዬ አባቴን ፈለግሁት። አባቴ ከሞተ እኮ ስንት ዘመኑ። ሴትዮዋ ሁኔታዬን አይታ የምትጠብቂው ሰው አለ እንዴ አለችኝ። የለም አልኳት። መናኸሪያ ውስጥ ለማያውቁት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከየት ተጀምሮ ይነገራል? ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከቡሬ ሳል ነው።

ቡሬ በሬ አይደለም፤ የአባቴ የጭነት መኪና ነው። አባቴ ከድር ይባላል፤ ሰፈሩ ግን "ሹፌር ከድር" ካላለ የጠራው አይመስለውም። መኪናው ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ በዕድሜ እኔንም ታላላቆቼንም ይበልጠናል። አንዱ በሩ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አፍንጫው ከድሮው ቀለም የተረፈ ቀይ፤ እንዲህ ዝንጉርጉር ስለሆነ ነው ቡሬ የተባለው። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የቡሬን ጎማ በእግሩ መታ መታ አድርጎ "በርታ" ይለዋል፤ እኛን የሚስመን ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ "ይሄ ሰውዬ ሁለት ሚስት ነው ያለው፤ ልዩነቱ እኔ ስታመም መካኒክ አይጠራልኝም" ትል ነበር።

የግቢያችን በር ጠባብ ስለሆነ ቡሬ የሚያድረው ውጭ፣ የአኮ ሐሊማን አጥር ተጠግቶ ነው። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ እሳቸውም የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አያት ነበሩ። ከሩቅ የተመለሰ መንገደኛ አኮ አናቱን ቅቤ ሳይቀቡት ቤቱ አይገባም። ሳል የያዘው ደግሞ አፉን መክፈት አለበት። ኮሰረት የገባበትን ቅቤ ከቅላቸው በሌባ ጣታቸው ዛቅ ያደርጉና እስከ ጉሮሮው ይሰዱለታል። እንቢ ማለት የለም። ስለዚህ እኛ ልጆች በሳቸው በር ስናልፍ ሳላችንን ውጠን ነበር የምናልፈው። አንድ ቀን እኔ ሳሌን አፍኜ ስሮጥ ዓይኔ እንባ ሞልቶ አንዲት ጎረቤት ማን ሞተባችሁ ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች።

አኮ ቡሬን በጣም ይወዱታል። አንድ ክረምት ደዶ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ታመሙና በዚያ ጭቃ አባቴ በቡሬ ጭኖ ጅማ ሆስፒታል አደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ ቡሬ ልጃቸው ሆነ። ጋራዥ ከርሞ የወጣ ዕለት እንደ ማንኛውም መንገደኛ አፍንጫውን ቅቤ ቀብተው፣ ሰርዶ አስይዘው፣ መርቀው ነው የተቀበሉት። አባቴም ተደስቶ አሚን አለ። ሰው ሲመርቅህ ምን ትላለህ?

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነኝ። በዚያ ኅዳር ቡናው በየጫካው ቀልቶ ለቃሚ ጠፋ ተባለና ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ የቤት እመቤቷም በሊሙ መንገድ ወዳለ አንድ እርሻ ለቡና ለቀማ እንዲዘምት ታዘዘ። ከኛ ቀበሌ ዘማቾቹን ጠዋት አድርሶ ማታ እንዲመልስ የተመደበው ቡሬ ነው። መዳቢው ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ነዚፍ፣ የአኮ ሐሊማ የመጨረሻ ልጅ። ነዚፍ ትናንት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ጨርቅ ኳስ ሲራገጥ የነበረ ልጅ ነው፤ ካኪ ከለበሰ ወዲህ ግን ድምፁ ሳይቀር ተለወጠ። እናቱን እንኳን አንዳንዴ ሲረሳ "እናት ጓድ" ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ በሰው ፊት "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቁርስህን ሳትበላ የት ልትሄድ ነው?" ይሉታል።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። ቡሬ በብርዱ ጠዋት እንደ ማንኛውም አሮጌ መኪና ትክ ትክ ብሎ ስሎ፣ ነጭ ጭስ ተፍቶ ይነሳል። ከዚያ አንድ ቀን እንቢ አለ። አባቴ ቁልፉን ሲያዞር ማስነሻው ሞተሪኖ በደንብ ይዞራል፤ ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይንጫጫል፣ ግን አይነሳም። ዘማቾቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ምሳቸውን በፌስታል ይዘው ቆመው ያያሉ። አባቴ ወርዶ ግራ ገብቶት "ጉልበቱ አለ፤ ፍላጎቱ ነው የጠፋው" አለ። ፀሐይ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ስትል እንደገና ሞከረው፤ ቡሬ ሁለቴ ሳለና ተነሳ። ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ሲሠራ ዋለ።

በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀንም። ያኔ ነው ሐኪሙ የበዛው።

መካኒኩ ጋሽ በየነ ተጠሩ። ጋሽ በየነ ሲበዛ ደግ ሰው ናቸው፤ የሚያውቁት በሽታ ግን አንድ ብቻ ነው። የየትኛውም መኪና ሕመም "አየር ይዞታል" ነው። የናፍጣ ቱቦውን ፈትተው በአፋቸው ስበው፣ ተፍተው፣ ተጉመጥምጠው፣ ፖምፓውን ሲያልቡ፣ ብሎኑን አንዴ ሲያላሉ አንዴ ሲያጠብቁ ፀሐይዋ ወጣች፤ ቡሬም ተነሳ። ጋሽ በየነ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አላልኳችሁም አሉ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ አየሩ ተመልሶ ገብቶ ጠበቃቸው።

እናቴ ዓይን ነው አለች። አሮጌ ጫማ ከኋላው አንጠለጠለች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቡሬ ሲነሳ በኩራት አባቴን ገላመጠችው። አባቴ በበኩሉ መሪውን ይዞ የቁርዓኑን ያሲን እስከ መጨረሻው ሲቀራ ተነሳለት። ጓድ ነዚፍ ደግሞ ዘማቹ ቀዝቅዞ ስለሚቆም ነው መኪናውም የሚቀዘቅዘው አለና መፈክር አስጀመረ። ያ ሁሉ ሕዝብ በባዶ ሆዱ እጁን እያነሳ ሲጮህ፣ ሲዘምር፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ሲደግም፣ አሁንም ፀሐይዋ ወጣችና ቡሬ ተነሳ። ነዚፍ ያን ቀን ቀበሌ ገብቶ በመፈክር ስለሚነሳ ሞተር ንግግር አደረገ ይባላል። እንግዲህ ሁሉም በየራሱ መድኃኒት አድኖታል፤ በማግስቱ ደግሞ ሁሉም አብሮ ያፍራል።

እኔም የራሴ ግኝት ነበረኝ። ጓድ ነዚፍ ንጋት ላይ መጥቶ ይቆማል፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቢሮውን ሊከፍት ይሄዳል፤ እሱ ከታጠፈ ብዙም ሳይቆይ ቡሬ ይነሳል። ከመፈክሩ ቀን በቀር ሁሌም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ቡሬ ነዚፍን ይጠላዋል ብዬ ደመደምኩ። እሱ ባለበት የማይነሳው አኩርፎ ነው። ይህን ለአባቴ ስነግረው የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። ናፍጣ በሚሸት መዳፉ አፌን ያዘኝና ይህንን ነገር ለሌላ ሰው እንዳልናገር አስማለኝ።

አኮ ሐሊማ በዚህ ሁሉ መሀል ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ የሙስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ብቅ ይላሉ። ቡሬን ጆሯቸውን ቀስረው ያዳምጡና "ሳል ነው። እኔ እያከምኩት ነው፤ ይድናል" ይሉ ነበር። እኛም ዱዓ ማለታቸው ነው ብለን ኢንሻ አላህ እንላለን። ማን ይጠይቃቸዋል? ሽማግሌ ሲናገር አሚን ማለት እንጂ በምን እያከሙት ነው ብሎ መመርመር ነውር ነው።

ሌላም ያልገባን ነገር ነበር። ቡሬ በተነሳ ቁጥር መንደሩን ወጥ ወጥ ይሸተዋል። እናቴ አፍንጫዋን ወደ አጥር ወደ አጥር እያደረገች "በዚህ ኑሮ በጠዋት ቅቤ የሚያቁላላው ማን ነው?" ትላለች፤ አንዷን ጎረቤታችንን ጠርጥራ ለሁለት ቀን አኮረፈቻት። ከኋላ የሚጫኑት ዘማቾችም እርሻው እስክንደርስ በረሃብ ሞትን እያሉ ያማርሩ ነበር።

ሲሻለው ነው ስንል ባሰበት። መነሻው ከሁለት ሰዓት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት ሄደ። ዘማቾቹ እርሻው ሲደርሱ ቀኑ ግማሽ ሆኗል፤ ቡናው ከዛፉ እየረገፈ ነው የሚል ወቀሳ ከበላይ መጣ። ነዚፍም ፈራ፤ የፈራ ሰው ደግሞ የሚያስፈራው ሰው ይፈልጋል። በስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ የሕዝብ ሰዓት ካቃጠለ በኋላ ብቻ የሚነሳ መኪና በሽተኛ አይደለም፣ እዚህ ውስጥ የኢኮኖሚ አሻጥር አለ አለ። የበላይ አካል ሐሙስ ጠዋት መጥቶ ራሱ ያያል፤ መኪናው ንጋት ላይ ካልተነሳ ይወረሳል፤ ባለቤቱም ይጠየቃል።

አሻጥር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እዚህ ውስጥ አለ ከተባለ ሽኮኮ የሚያህል ነገር መሆን አለበት ብዬ በዱላ ይዤ ቡሬ ሥር ገብቼ ፈለግሁት። አላገኘሁትም። ማታ ግን አባቴ እራቱን ሳይነካ ሲነሳ፣ እናቴም አንድ ብርድ ልብስ አጥፋ በሩ አጠገብ ስታስቀምጥ አየሁ። "ይጠየቃል" የተባለ ሰው ብርድ ልብስ እንደሚያስፈልገው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከብርድ ልብሱ ጋር ስንቶች ሄደው ብርድ ልብሱ ብቻ ተመልሷል። አባቴ እንዳይሄድ ቡሬን በጆሮው ለመንኩት።

ሐሙስ ጠዋት ጉሙ ከአወቱ ወንዝ ተነስቶ ሰፈሩን ውጦታል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የበላይ አካል የተባለው በጂፕ የመጣ ወፍራም ጓድ ሆነ። ሻርፕ ጠምጥሟል፤ ክፉኛ ያስለዋል። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ቁልፉን አዞረ። ዞረ፣ ዞረ፣ አልተነሳም። ገፉት፤ ነዚፍ ሳይቀር ኮቱን አውልቆ ገፋ፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ቆመ። መልሰው ወደ አኮ አጥር ገፉት። መፈክር ተሞከረ፤ ጓዱ በሳል መሀል በእጁ አስቆማቸው። ከዚያ አባቴን አየና በዝግታ፣ "እሱ ካልተነሳ አንተ ትነሳለህ" አለው።

ጋሽ በየነ ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። ዛሬ አየር አላገኙም። እስከዚያ ቀን ድረስ ከፖምፓው ወደ ኋላ ተመልሰው አይተው አያውቁም፤ ሰርባቶዮው፣ ማለት የናፍጣው ጋን፣ ለሳቸው ማድጋ ነው፤ ማድጋ ምን ጥፋት ይሠራል? ሌላ የሚነኩት ሲያጡ ግን ከሥሩ ተንጋለው ማጣሪያውን ፈቱት። ናፍጣ ፊታቸው ላይ ይፈሳል ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ምንም አልወረደም። ጣታቸውን ሰደዱ፤ ቢጫ፣ የረጋ ነገር ይዞ ወጣ። አሸተቱት። ግራ ገባቸውና ለአባቴ አቀበሉት። እኔ የአባቴን ኮት ይዤ ስለቆምኩ ሽታው እኔም ጋ ደረሰ።

ኮሰረት። የአኮ ሐሊማ ቅቤ ነው። ያን ሽታ በጉሮሮው ያልቀመሰ የሰፈር ልጅ የለም።

ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ተገለጠ። ቅቤው ሌሊት በብርዱ ይረጋና ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ፀሐይ ጋኑን ስታሞቀው ይቀልጣል፣ ናፍጣውም ያልፋል። አየሩም፣ ጫማውም፣ ያሲኑም፣ መፈክሩም ሰበብ ብቻ ነበሩ፤ ቡሬን ስታስነሳው የከረመችው ፀሐይ ናት። አባቴ ወደ አኮ አጥር አየ። ቀና ብሎ ነዚፍን አየ። ከዚያ ጣቱን በኮቱ ጠረገና መሬት መሬት አየ።

ጓዱ ምንድነው አለ። "ቆሻሻ ነው" አለ አባቴ፤ "ጋኑን ማጽዳት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።" ጓዱ ግን አፍንጫ ነበረው፤ ከጋሽ በየነ ጣት ላይ አሽትቶ ቅቤ እግር አውጥቶ ጋን ውስጥ አይገባም አለ። ይሄኔ ነዚፍ ጋለ። ይህ የአንድ ሰው ሥራ ሊሆን አይችልም፣ ከጀርባው የተደራጀ ኃይል አለ፣ ያ ኃይል እስከ ሥሩ ተመንጥሮ ይወጣል እያለ ደረቱን ነፍቶ ተናገረ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላሉ፤ እሱ ሲናገር ከጀርባው ያለው የገዛ አጥሩ ነው። አባቴ ወደ ጂፑ ሄደ። ስም ቢጠራ ሊወሰዱ የሚችሉት ማን እንደሆኑ ያውቃል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ አንድ እግሩን ጂፑ ላይ አወጣ። እናቴ ብርድ ልብሱን ይዛ መጣች። እኔ ኮቱን አልለቅም አልኩ፤ ማልቀሴን እንኳን አላወቅሁም።

የአኮ አጥር በር ተከፈተ። አኮ ሐሊማ ቅላቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ሰዉን በክርናቸው ገለል ገለል እያደረጉ መጡ። ማንንም አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ ቡሬ ሄደው ጎኑን እየደባበሱ "ማል ታቴ? ምን ሆንክብኝ? ዛሬም አልተሻለህም?" አሉት። የጋኑን ክዳን ከፈቱ፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ የለመዱት እጅ ነው። ከቅሉ በሌባ ጣታቸው ዛቅ አድርገው ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ጓድ እያያቸው አጎረሱት።

ጓዱ እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ነዚፍን ነው የሚያየው። ነዚፍ ኮቱን ለበሰ፣ ቁልፉን ቆለፈ፣ እንደገና ፈታ። በመጨረሻ በድሮው፣ በጨርቅ ኳሱ ጊዜ ድምፁ፣ "እናቴ ናት" አለ።

አኮ ዞር ሲሉ አባቴ አንድ እግሩ ጂፕ ላይ፣ እኔ ኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ አዩን። ከድርን ወዴት ነው አሉ። የእናቴን ብርድ ልብስ አዩት። ያኔ ፊታቸው ተለወጠ። "በሽተኛው ልጄ ሳይድን ሹፌሩን ትወስዱብኛላችሁ?" አሉ። "እኔ በምን ላሳክመው ነው? ማን ነው የሚነዳው?" ጓዱ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሳሉ ተነሳበት። ሳለ፣ ሳለ፣ ዓይኑ እስኪቀላ ድረስ ሳለ። እኛ ልጆች ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልን፤ የሚመጣውን እናውቃለንና።

አኮ ቀርበው አገጩን ያዙት። "ቤትህ እናት የለችም እንዴ?" አሉት። "በል፣ አፍህን ክፈት።"

ጓዱ ነዚፍን አየ፤ ነዚፍ ሰማዩን አየ። ጓዱ አፉን ከፈተ። ጣታቸው ገባ፣ ወጣ። ዋጠ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከቅቤው ይሁን ከሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ አባቴን በእጁ ወደ ታች፣ ውረድ የሚል ምልክት ሰጠው። ጂፑ ውስጥ ገብቶ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ለነዚፍ የተናገረው "ማጣሪያውን አጥቡት" የሚል ብቻ ነው። ነዚፍም ስብሰባው ተበትኗል አለ፤ ስብሰባ ግን አልነበረም።

ጋሽ በየነ ማጣሪያውን በፈላ ውሃ አጥበው፣ ጋኑን ገልብጠው ሞሉት። ቡሬ ጉሙ ሳይገፈፍ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ዘማቾቹ እልል አሉ። አኮ ሐሊማ ቅላቸውን ከድነው "አላልኳችሁም? ያቺ የመጨረሻዋ ናት ያዳነችው" አሉ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ ነበር የሚሉት፤ አንድም ሰው አላረማቸውም።

ችግሩ ግን ነገም ቡሬን ቅቤ እንዳያጎርሱት ነው። እናቴ አባቴን እውነቱን ነግረሃቸው ይብቃቸው አለችው። አባቴ "ምን ብዬ? ያሳመሙት እርስዎ ነዎት ብዬ? በሆስፒታል መንገድ ጭቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ነው የመረቁኝ!" አላት። ማታ ከሊሙ ሲመለስ ቡሬን ካቆመ በኋላ ጎማውን እንኳን ሳይነካ ወደ አኮ በር ሄደ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። "አኮ፣ ቡሬ ድኗል፤ ከእንግዲህ ቅቤ አይፈልግም። የሱን ድርሻ እኔ ላይ ያድርጉልኝ" አላቸው። እሳቸው አጭር ናቸው፤ ስለዚህ ያ ረጅም ሰውዬ በራቸው ላይ ተንበርክኮ አናቱን ሰጣቸው። እሳቸውም አልሰሰቱም፤ አንድ እፍኝ ስለ ራሱ፣ አንድ እፍኝ ስለ ቡሬ፣ ሁለቱንም አናቱ ላይ።

ከዚያ በኋላ የቡና ለቀማው እስኪያልቅ ድረስ ማታ ማታ እንደዚያው ነበር። ቅቤው በጆሮ ግንዱ ወርዶ ኮሌታውን ያወዛዋል፤ እናቴ ሸሚዙን አጥባ አጥባ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠች። አባታችን መምጣቱን የምናውቀው በሩ ሳይከፈት ከሽታው ነው፤ ናፍጣና ኮሰረት። እኔ ሮጬ አንገቱ ላይ ስጠመጠም ጉንጬ ይወዛል፤ ቅቤ የነካውን ጉንጬን እንዳይታጠብብኝ ደብቄው ነበር የምተኛው። ብርድ ልብሱ እኮ ተመልሶ በሩ አጠገብ እንደታጠፈ ነበር፤ እናቴ ያነሳችው ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ ነው።